የሳሳ አጥንት ይዞ ስኪ መማር

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 12። ከሥራ መልስ
ዛሬ በምሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ ሁለት አሮጊቶችን ከአልጋ ወደ ዊልቸር አዛወርኩ። አንደኛዋ ዳሌዋ የተሰበረው ሳሎኗ ውስጥ ምንጣፍ አደናቅፏት ነው። ምንጣፍ! እኔ ደግሞ በረዶ ላይ ልንሸራተት ነው። በገዛ ፈቃዴ።

ላንተ ብቻ ልንገርህ፣ ደብተር። ትናንት ልጄ ሜሮን ደወለች። ልጄ ፋርማሲ ት/ቤቱን ጥላ ተራራ ላይ ስኪ ማስተማር ከጀመረች ይኸው ሁለተኛ ክረምቷ። ያኔ፣ ልትመልሺኝ ከሆነ አትምጪ ብላኝ ነበር። አልሄድኩም። ትናንት ግን ራሷ ጠራችኝ። ፌብሩዋሪ 7 ዕረፍት አላት፤ ሐይቁ ድረስ አብረን በስኪ እንድንሄድ። ቁልቁል የሚወረድበት ዓይነት አይደለም አለች፤ ሜዳ ለሜዳ ነው፣ እንደ እግር ጉዞ። ኦኬ አልኳት። አፌ ቀደመኝ።

ያልነገርኳት፦ ኦክቶበር ላይ ዶ/ሯ አጥንትሽ ሳስቷል ብላኛለች። መውደቅ የለብሽም ብላኛለች።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 14
ልጄ ፊት ከማፍር ቀድሜ ልማር ብዬ ለቅዳሜው የስኪ ትምህርት ተመዘገብኩ። ከከተማው በላይ ያለው ተራራ ላይ። ፎርሙ የጤና ችግር አለብሽ ወይ ይላል። የለም አልኩ።

ልብስ ፍለጋ ካልቨር ሲቲ ወዳለ የስፖርት ዕቃ መደብር ሄድኩ። ሻጯ ጥጥ እንዳትለብሺ አለች፤ ላብ ይይዝና ያቀዘቅዛል። ቤት ገብቼ መሳቢያዬን ከፈትኩ። እስከ ካልሲው ጥጥ ነው።

ማታ እትዬ ዘውዲቱ ጋ ሄድኩ። አብረን የምንጸልይ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ከእኔ ሁለት ቤት አልፎ የሚኖሩ ጎረቤቴ ናቸው። ስኪ ልማር ነው ስላቸው መጀመሪያ ሳቁ። "አንቺ፣ ዊልቸር መግፋቱ ሰልችቶሽ መገፋት አማረሽ?" አሉኝ። ቀጥለው ኮስተር አሉ። እንጹም፣ ከነገ እስከ ቅዳሜ ማታ፣ ውሃ ብቻ አሉ። ቀለል አለኝ። በፍርሃቴ ላይ የማደርገው ነገር አገኘሁ።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 16
የጾሙ ሁለተኛ ቀን። ራሴን ያመኛል። በምሳ ዕረፍት መኪና ውስጥ ጸለይኩ። አትጣለኝ ከማለት ሌላ ቃል አልወጣኝም። ፎርሙ ላይ መዋሸቴን ግን አላነሳሁለትም።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 17። ፓርኪንጉ ላይ፣ መኪና ውስጥ
በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጫማው ቀላል ነው። ከስኪው ጋር የሚያያዘው ጣቱ ጋ ብቻ፤ ተረከዙ ነፃ ነው፣ ሲራመዱ ይነሳል። ስኪው ከቁመቴ ይረዝማል። በየእጄ አንድ ዘንግ። አስተማሪው ሰባ ዓመት የሚሆነው ነጭ ሽማግሌ። መጀመሪያ ያስተማረን ምን መሰለህ? መውደቅ። ወደ ጎን፣ ቁጭ እንደማለት፣ እጅ ሳይዘረጉ። ሌሎቹ እየሳቁ ወደቁ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። አልፈልግም አልኩት። ካልወደቅሽ መነሳት ምን ላይ ላስተምርሽ አለኝ። ወደቅሁ። ምንም አልሆንኩም። ስኪዎቹን ጎን ለጎን አድርጌ፣ በጉልበቴ ተነሳሁ።

ሃያ እርምጃ ያህል ሄድኩ። ግራ እግር፣ ቀኝ ዘንግ። ድንገት እግሬ ራሱ ተንሸራተተ፤ ደስ የሚል ነገር አለው። ከዚያ ጨለመብኝ።

ስነቃ በጀርባዬ ተዘርግቻለሁ። ጣቶቼን አንድ በአንድ አንቀሳቀስኩ። ቀጥሎ ዳሌዬን። ሁሉም ደህና። ሽማግሌው መቼ ነው የበላሽው አለኝ። ረቡዕ ማታ አልኩት። እዚህ ከፍታ ላይ የበላ ሰው እንኳ ይደክመዋል አለ። ከቦርሳው ሙዝ አወጣ። በላሁ። ጾሜን በሙዝ ፈታሁ።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 18። ከቤ/ክ መልስ
እትዬ ዘውዲቱ ምልክት ነው አሉ። እግዚአብሔር አትሂጂ እያለሽ ነው። ሳልበላ ተራራ ስለወጣሁ ነው አልኳቸው። ተቆጡ። "ታዲያ እኔ ነኛ ያስራብኩሽ!" ይህን እያሉ ዳቦ ቆርሰው እጄ ላይ አስቀመጡ፤ ጨርሼ ካልበላሁ አልለቀቁኝም።

እውነቱን ልጻፍ። ምልክት ቢሆን በወደድኩ ነበር። ለሜሮን የምነግራት ሰበብ አገኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 5
ከሥራ አልፈቀዱልኝም፣ ሌላ ጊዜ ልምጣ ብዬ ለሜሮን ቴክስት ጻፍኩ። አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩ። አጠፋሁት። ከሄድኩ ልሰበር እችላለሁ። ከተሰበርኩ ሥራ የለም፤ ሰው ማንሳት ነው ሥራዬ። ከቀረሁ ደግሞ ልጄ ሁለተኛ አትጠራኝም።

ሻንጣ አዘጋጀሁ። ጥጥ የለበትም።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 7። ሜሮን ቤት፣ ጠዋት
ትናንት ስድስት ሰዓት ድራይቭ አድርጌ ደረስኩ። እንቅልፍ የለም። ቁርስ በደንብ በላሁ። ሜሮን ስኪዎቹን በር ላይ አቁማ ስትጠብቀኝ ነገርኳት። ስለ አጥንቱ። ስለ ጾሙ፣ ራሴን ስቼ ስለ መውደቄ።

"ማሚ! ከኦክቶበር ጀምሮ? ሲሪየስሊ?"

የትኛውን መድኃኒት ነው የምትወስጂው አለች። ሁለት ዓመት ፋርማሲ የተማረች ልጅ፣ መጠኑን ሳይቀር ጠየቀች። ዶ/ሯ ያዘዘችልኝን አልጀመርኩም አልኳት። የጎንዮሽ ጉዳቱን አንብቤ ፈራሁ። ጮኸችብኝ። ስኪዎቹን ወደ ውስጥ መልሳ አስገባች፤ የትም አንሄድም አለች። ት/ቤቱን ተውኩ ባለችኝ ቀን እኔም እንዲህ ነበር የጮህኩት።

እኔም ያኔ ፈርቼ ነበር አልኳት። ወጥታ ከቤቱ ፊት ያለውን የበረዶ ሜዳ ረግጣ አየችው። ለረጅም ጊዜ። ተመልሳ ገባችና እንዲህ ተስማማን፦ ሐይቁ ቀርቷል። ሜዳውን ብቻ፣ አጥሩ ድረስ፣ እሷ ከጎኔ ሆና። ሰኞ ዶ/ሯ ጋ ደውዬ መድኃኒቱን እጀምራለሁ።

አሁን እግሬ ሥር ተንበርክካ ጫማዬን እያሰረችልኝ ነው። በጣም አጠበቀችው። መጻፉን አቁሚና ተነሺ ትለኛለች። እሺ መጣሁ አልኳት፣ ይቺን መስመር ብቻ ልጨርስ።