ብረት የሌላት ሳይክል

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ዛሬም በእግሬ። ከቤት እስከ መርሳ መናኸሪያ አርባ ደቂቃ… ድሮ ሃያ አይሞላም ነበር። ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይላል። ባጃጆቹ ቤንዚን ፍለጋ ወልድያ ተሰልፈዋል አሉ። ሱቄን ስከፍት ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሬዲዮ ሊያሠሩ የመጡ ሁለት ሰዎች ጠብቀው ጠብቀው ሄደዋል።

ሚስቴ ረሂማ፣ በቃ ቤት ተቀመጥ፣ ሬዲዮውንም ስልኩንም እዚሁ ያምጡልህ አለች። ቤት ከዋልኩ በሳምንት ውስጥ አንችንም ፈታትቼ ነው የምገጥምሽ አልኳት። ሳቀች። እኔ በልቤ አልሳቅሁም። ሰው የሚያገኘኝ እዚያች ሱቅ ነው። የማሾፈውም እዚያ፣ የሚሾፍብኝም እዚያ። እሷ ከተዘጋች… ምን ቀረኝ?

ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ መራመድ ይቀንሱ፣ ሳይክል ግን ለጉልበት ጥሩ ነው ብላኛለች። ሳይክል… በሃምሳ ስምንት ዓመቴ።

ለምን አይሆንም?

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ወርቁ ዘንድ። ሳይክል ጠጋኝ ነው፣ ከሱቄ ሃያ እርምጃ። ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን ኖርን። እሱ ሳይክል እየሰበረ ሳይክል ተማረ፣ እኔ ሬዲዮ እያበላሸሁ ሬዲዮ። ሌላ አስተማሪ አልነበረንም።

ሳይክል ልገዛ ነው ስለው መፍቻውን ጣለ። ዓይኑ እስኪያነባ ሳቀ። ከዚያ ሽርጤን አየ። "በዚህ?"

ልክ ነው… አላሰብኩትም። የወንድ ሳይክል ከኮርቻው እስከ መሪው የተዘረጋ ብረት አለው። እግርን ወደ ኋላ ወርውሮ ነው የሚወጣ። በሽርጥ እግሩን የወረወረ ሰው መርሳ ላይ ዳግመኛ ቀና ብሎ አይሄድም። ሱሪ ልበስ አለኝ። አያቴ በሽርጥ በቅሎ ወጥቷል አልኩት።

እንግዲያስ የምትፈልገው የሴት ሳይክል ነው አለ። ብረቱ ወደ ታች የወረደ፣ ቀሚስ ለለበሰ የተሠራ።

ይሁን። ቀድሜ ራሴ ላይ ካሾፍኩ ለሌላው ምን ይተርፈዋል?

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ከወርቁ ጋር ወልድያ። ሰባት ሳይክል ላይ ተቀመጥኩ። ነጋዴው አበባው ትዕግሥተኛ ሰው ነው… ማለቴ ስንገባ ነበር።

አንዷ ቀጭን፣ መሪዋ ወደ ታች የጎበጠ። ስቀመጥባት ሶላት ላይ ለሩኩዕ ያጎነበስኩ መሰለኝ። ሌላዋ ጎማዋ የትራክተር፣ ማርሿ ሃያ አንድ። ከቤቴ እስከ ሱቄ ለሃያ አንድ ማርሽ የሚበቃ ዳገት የት አለ? የአንዷ ኮርቻ ምላጭ ነው። ወርቁ እየዞረኝ ያስተምራል። "ሳይክል በዓይን አይመረጥም፤ በቂጥ ነው የሚመረጠው።" ስቆም የሁለቱም እግሬ ጣት መሬት ይንካ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበቴ ትንሽ ብቻ ይታጠፍ። መሪው ወደ እኔ ይምጣ እንጂ እኔ ወደ መሪው አልሂድ። ወገብ ቀጥ፣ እጅ ላላ።

ስድስተኛዋ… ሰማያዊዋ። ያገለገለች ናት። ብረቷ ዝቅ ያለ፣ ኮርቻዋ ሰፊ፣ ከሥሩ ሞላ ያለው። የካቴናዋ መሸፈኛ ላይ ነጭ አበባ ተስሏል። ሽርጤን ሳልሰበስብ ወጣሁባት። ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞርኩ። ጉልበቴ ዝም አለ። ዝም ካለ ስንት ወሩ?

የኋላ ፍሬኗ አይሠራም። አበባው ጠግኖ ቅዳሜ ያስረክባል። ወርቁ ቅዳሜ ዕቃ ሊገዛ ይመለሳልና ብሩን ለእሱ ሰጠሁት። በዚያ ጉልበት ምን ያንከራትትሃል፣ እኔ አመጣልሃለሁ አለ።

ስንመለስ ቤቲ እንዴት ናት አልኩት። ልጁን ቤተልሔምን። ሐይቅ ከተማ ካገባች ሦስት ዓመቷ። "ደህና ናት። ባሏም ደህና ነው" አለና ወደ መስኮቱ ዞረ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ወርቁ ባዶ እጁን መጣ። ተሽጣለች አለ።

ብሩን ሳይጎድል መለሰልኝ። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። አዝኖልኝ ነው ብዬ እኔው አጽናናሁት። አብሽር፣ የኔ ሳይክል ገና አልተወለደችም አልኩት።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

ወርቁ የራሱን ጥቁር ሳይክል አመጣልኝ። ሌላ እስኪገኝ ንዳት አለ። ኮርቻዋ ላይ ስፖንጅ ሰፍቶበታል፣ መሪዋን ወደ ላይ አዙሮታል። ሱቁን ዘግቶ ሲለፋባት ውሏል። ብረቷ ግን እዚያው ነው። ሱሪ ለበስኩ።

ፈይሩዝ፣ እኛ ዘንድ የምትኖረው የእህቴ ልጅ፣ "አጎቴ፣ ወረዳ የተሾሙ ይመስላሉ" አለችኝ። ከእኔው ነው የተማረችው።

ወዳጅ ማለት እንዲህ ነው። ዛሬ ዱዓ አደረግኩለት።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ወደቅሁ። መናኸሪያው መሃል።

ሱሪዬ አልደረቀም ነበር። አንድ ቀን ነው ብዬ በሽርጥ ወጣሁ። ከግንብ ላይ ተንጠላጥዬ ብረቷን ተሻገርኩ፣ ደህና መጣሁ… ልወርድ ስል ካቴናው ጫፉን ያዘው። ሽርጤ እስከ ጭኔ። ባጃጅ ነጂዎቹ በሙሉ ቆመው ያያሉ። ከእነሱ መሃል ያላሾፍኩበት የለም። "አያ ዓሪፍ፣ ከመሬት ጣቢያ እየፈለጉ ነው?" አለ አንዱ። ከሁሉም በላይ ሳቅሁ። እስከ ሱቄ እየሳቅሁ ሄድኩ። በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

ኅዳር 4

ጉልበቴ ዳቦ አክሏል። ሱቅ ዝግ።

ኅዳር 9

አሁንም ዝግ። ረሂማ ቤት ተቀመጥ ማለቱን ትታለች። ይኸ ይብሳል።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

እንዴት ልጀምረው…

ዛሬ ሻል ስላለኝ ዕቃ ልገዛ በሚኒባስ ወደ ወልድያ ተነሣሁ። ሲሪንቃ ላይ ሰው ሊያወርድ ቆመ። በመስኮት አየሁ። ሰማያዊ ሳይክል። የካቴናዋ መሸፈኛ ላይ ነጭ አበባ። የምትነዳት ሴት ቀሚስ ለብሳለች። ወገቧ ቀጥ፣ እጇ ላላ።

ቤቲ።

ወረድኩ። ረዳቱ ይጣራል፣ አልሰማሁትም። ስታየኝ ከሳይክሏ ወርዳ መሪዋን በሁለት እጇ ያዘች። ምን እንደምል አላውቅም… አፌ ግን እንደ ልማዱ ቀደመኝ።

"ባልሽ ሳይክል ገዛልሽ? አሁን ገና ሰው ሆነ።"

"ባል የለኝም አያ ዓሪፍ" አለች። "ከተፋታን ዓመት አልፎናል። አባባ አልነገረዎትም?"

ዓመት።

እዚያ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ውስጥ ዘር እየለቀመች ነው። የምታድረው አክስቷ ቤት፣ ከመንገዱ ራቅ ብሎ። በእግሯ ስትመላለስ እያረፈደች እንጀራዋን ልታጣ ነበር። ከአንድ ወር በፊት አባቷ ሳይክሏን አመጣላት። የማን እንደነበረች አታውቅም። አልነገርኳትም። ወልድያም አልሄድኩ።

ኅዳር 19፣ ዓርብ

ጁምዓ ሰግጄ የኢማሙ ኹጥባ ስለ ምን እንደነበር አላውቅም።

ወርቁ ጎማ እየነፋ ነበር። ትናንት ሲሪንቃ ነበርኩ አልኩት። መንፊያውን አስቀመጠ። አልካደም፤ ይህን ልጻፍለት።

ለምን አልጠየቅከኝም አልኩት። ለልጄ ናት ብትለኝ በጫንቃዬ ተሸክሜ አደርስላት ነበር።

"ለቤቲ ስልህ፣ ሲሪንቃ ምን ልትሠራ መጣች ትለኛለህ። ከዚያ ምን ልበልህ?"

እውነቱን አልኩት።

"በሠርጓ ቀን ያልከውን ታስታውሳለህ?"

መጀመሪያ አላስታወስኩም። ከዚያ መጣልኝ። ዳሱ ሞልቶ፣ የሙሽራው ሽማግሌዎች ፊት። ዕቃው ካልተስማማችሁ በሁለት ዓመት ውስጥ መመለስ ይቻላል፣ ካርቶኑን ብቻ እንዳትጥሉ አልኩ። ሰው በሳቅ ወደቀ። ወርቁም ስቆ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

"ቀልድ ነበር" አልኩት።

"ለአንተ" አለ። "ሻንጣዋን ይዛ የተመለሰች ቀን መጀመሪያ የጠየቀችኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? አያ ዓሪፍ ሰምቷል ወይ ብላ ነው።"

 ጥቁሯን ሳይክሉን በሩ ላይ አቁሜለት ሄድኩ።

ቤት ገብቼ ረሂማን ታውቂ ነበር ወይ አልኳት። ሻሿን አስተካከለች። ታውቃለች። ፈይሩዝም ታውቃለች። የወርቁ ሚስት ብዙነሽ ነግራቸው፣ አደራ ዓሪፍ እንዳይሰማ ብላቸዋለች። ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ወርቁን ቤቲ እንዴት ናት እላለሁ። ባሏም ደህና ነው ይለኛል። አንዳንዴም ረሂማ አጠገቤ ቆማ ትሰማለች።

ሳይክሏስ ትሂድ። ግን አንዲት ልጅ አዝና ስትመለስ አገር በሙሉ የሸሸጋት ከማን ነው? ከእኔ። እኔ እኮ ስትወለድ ወሬውን ሮጬ ለዘመድ ያደረስኩ ነኝ።

ኅዳር 20

በእግሬ። አርባ ስምንት ደቂቃ። ሱቁ ተከፈተ።

ኅዳር 27

ወርቁ በጠዋት ወደ እኔ ቀና ይላል። እኔ መበየጃዬን አግላለሁ።

ታኅሣሥ 6፣ ሰኞ

ሰው ሁሉ ምን ሆነሃል ይለኛል። ጉልበቴ ነው እላለሁ። ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ… ያ የጣቢያ ቀልድ የቀለደብኝ ልጅ መጥቶ፣ በእኔ ቀልድ ነው እንዴ ያኮረፉት አለኝ። አይደለም፣ የአንተማ ጥሩ ነበር አልኩት። እውነቴን ነው።

ዛሬ ሥራ አልነበረም፤ ተቀምጬ አሰብኩ። ወርቁ ያን ጊዜ ቢነግረኝ ኖሮ ዝም እል ነበር? እል ነበር። ቢያንስ አንድ ቀን። ሁለት ቀን… ሲሪንቃ ላይ ቤቲን ሳያት ከአፌ መጀመሪያ የወጣው ምን ነበር?

ይህን መጻፍ አልፈልግም።

እሱም ግን ዓይኔን እያየ ዋሽቶኛል። ዓይኔን እንኳ አላየም፤ ወደ መስኮቱ ነው ያየው። ይኸም እውነት፣ ያም እውነት። አንዱ ሌላውን አያጠፋልኝም።

ታኅሣሥ 28፣ ማክሰኞ

ነገ ገና ነው።

በየገናው ብዙነሽ ዶሮ ከነሕይወቱ ትልክልኛለች። ቢስሚላህ ብዬ አርጄ እመልስላታለሁ፣ በተለየ ድስት ትሠራዋለች፣ እኔና ረሂማ እነሱ ቤት ሄደን እንበላለን። በአረፋ እኛም ለእነሱ እንዲሁ። ሠላሳ ዓመት ተቋርጦ አያውቅም። እሷ ካልላከች፣ ወይም እኔ ካላረድኩ… አለቀ ማለት ነው። ሠፈሩም የሚያውቀው እንዲሁ ነው።

ከጠዋት ጀምሮ ጆሮዬ በር ላይ ነበር። እኩለ ቀን አለፈ። ረሂማም እየሰማች እንደሆነ ከአካሄዷ አውቃለሁ።

ወርቁ ራሱ ይዞት መጣ። ዶሮውን ዘቅዝቆ፣ እንደ እንግዳ ደጅ ላይ ቆመ። ግባ አልኩት። አልገባም።

"ተቀይመኸኛል?"

እንዲህ ላለው ጥያቄ ድሮ አሥር ቀልድ ነበረኝ። ዛሬም አንድ መጥቶልኝ ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ።

"አዎ" አልኩት።

ዶሮውን ወደ ሌላ እጁ አዛወረ። "እኔም ሦስት ዓመት" አለ።

ቢላዋ አመጣሁ። እሱ ክንፉን ያዘ፣ እኔ አረድኩ። 

ታኅሣሥ 29፣ ረቡዕ

ሄድን።

ቤቱ ሙሉ ነበር። ስገባ ወሬው ቆመ። ሁሉም አፌን ያያል… ምን ሊል ነው? ቤቲ ልታስታጥበኝ መጣች። እሷም አፌን እንጂ እጄን አታይም። ውኃው እጅጌዬን አረሰረሰው፤ ሰበሰብኩት።

ሥራ እንዴት ነው አልኳት። ብዬም ጠበቅሁ። መጠበቅ እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር።

በአጭሩ ደህና ነው አለች። ዝም ስል ቀጠለች። አንድ ሺህ ዘር ቆጥረው እንደሚመዝኑ፣ የተሰበረውን በጣት እንደሚለዩ፣ ማታ ዓይኗን ስትጨፍን ማሽላ እንደሚታያት። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠች። የነገረችኝን ሁሉ እዚህ አልጽፍም፤ የእሷ ነው። መንገዱስ አልኳት። ድሮ ወገቤን ያመኝ ነበር፣ አሁን ኮርቻዋ ሰፊ ነው፣ ቀሚሴንም አትይዝብኝ፣ አባባ በደንብ አይቶ ነው የመረጣት አለች።

ወርቁ ከማዶ አፉን ከፈተ። ሊናገር ነው… በዓይኔ ከለከልኩት። ዘጋው። አታውቅም፤ አትወቅ።

ዶሮው ጥሩ ነበር። በላሁ። ብዙነሽ ጉልበቴን ጠየቀችኝ። ወልድያ ያለው አበባው ከጥምቀት በኋላ ብረት የሌላት ሌላ ይመጣልኛል ብሏል አልኳት። ወርቁ ሳህኑን እያየ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ እኮ አለ። ራሴ ነኝ የማመጣት አልኩ። ሚኒባስ ጣራ ላይ አስጭኜ፣ ራሴ አብሬያት።

ልንሄድ ስንነሣ ወርቁ ነጠላውን አነሣ። እስከ መንገዱ ልሸኝህ አለኝ። ተው ብርድ ነው አልኩት።

ብርድ አልነበረም።