ያዋስከኝ ጫማ

ወዳጄ፣ ለስልጠና ከመጣሁበት አዳራሽ ማዶ የተቀመጠ አንድ ጫማ ሰፊ፣ ሶል አይቶ የሰው ጠባይ እናገራለሁ ይላል። ያዋስከኝን ጫማ ላሰፋ ብሰጠው ገልብጦ አየና «ጫፉ ተበልቷል፤ ችኩል ነህ» አለኝ።

«የጓደኛዬ ነው፤ ችኩልስ እሱ ነው!» ብዬ ሳቅሁ።

ጫማ ሰፊው ግን አልሳቀም። «የእኔ ግምት ነው። ልጁ በየቀኑ ምን ይሠራል?»

«አባቱን አዝሎ ሦስት ፎቅ ይወጣል» ስል ራሴው ክው አልኩ።

«በል፣ ጫፉን የበላው ደረጃው ነው» ብሎ ግምቱን እዚያው አረመ። እኔ የስነ ልቦና መምህሩ ግን፣ ወደ አባባ ልትሮጥ ከጨዋታ መሀል ብድግ ባልክ ቁጥር «ችኩል» ስልህ ኖርኩ። ያ ሁሉ ያስተማርኩት ንድፈ ሐሳብ ለካ ሰውን ጠጋ ብሎ ለመጠየቅ ኖሯል!

የምጽፍበት ፖስት ካርድ ሞላብኝ። አባባ በከዘራ መቆም መጀመራቸው እንዴት ደስ ይላል! ጉልበታቸውን ሳምልኝ። ስመጣ በተራ እናዝላቸዋለን፤ የእኔም ጫማ ከጫፉ ይበላ።