የወተት ገበያውና የእኔ ማመልከቻ

ጥቅምት 3 ቀን 1958

ዛሬም ጎህ ሳይቀድ አህያ አጥሬ ሥር አናፋ። ወተት ሻጮቹ ናቸው። ሃያ ሴት፣ ሃያ ምላስ... ዝንቡ ደግሞ! ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጸሐፊ ስለነበር የማመልከቻ አጻጻፍ አስተምሮኛል። ቁጭ ብዬ «ለጤና ጠንቅ የሆነው ገበያ ይነሣልኝ» ብዬ ጻፍኩ። እጅ ጽሑፌ ሲያምር! ለከተማው ሹም ለአቶ ገብረወልድ አስገባሁ።

ስመለስ ከሻጮቹ አንዷ፣ ዲንኪቱ፣ እንደ ልማዷ የወተት ጮጮዋን በአጥር በኩል አቀበለችኝ። «ናጋ?» አለች፣ ሰላም ነው ወይ ማለቷ ነው። «ናጋ» አልኩ። ስለ ማመልከቻው ምን ብዬ ልንገራት? አሥራ ሁለት ዓመት ወተት ያላቋረጠችብኝ ወዳጄ ናት። እሷን መቼም አይነኳትም። ሌሎቹን ነው እንጂ።

ጥቅምት 12

ተነሡ! ከዛሬ ጀምሮ ወተት የሚሸጠው ከቄራው ማዶ ነው ተብሏል። እስከ ሁለት ሰዓት ተኛሁ።

ጥቅምት 13

ወተት የለም።

ጥቅምት 17

በዚህ ጉልበቴ ቄራ ማዶ ድረስ ሄድኩ። ጅብ ጎትቶ በጣለው አጥንት መሃል ተቀምጠዋል። ገዢ የሚባል ዝር አይልም። ዲንኪቱ የተበላሸ ወተት ለውሾች ስትደፋ ደረስኩ።

«ካልሸጥኩ ምን እበላለሁ?» አለች። «ማነው እንዲህ ያረገን? ባወቅኩት!»

አላውቅም አልኳት። በዚህ ዕድሜዬ ዋሸሁ።

ጥቅምት 24

ጉድ ነው ዛሬ። የሹሙ ቢሮ በር በአሮጊት ተሞልቷል። ሁሉም ሲንቄ ይዘዋል፤ ሲዳሩ እናታቸው የሰጠቻቸውን ዘንግ። ሴቶች ሲንቄ አንሥተው የተቀመጡበትን የአገሩ ወንድ አያልፈውም። ነውር ነው።

ፖሊሱ ጎሊቻ በትናቸው ተባለ። መጣ። እናቱን መሃላቸው አገኛት። ቆቡን አወለቀና እርጥብ ሣር ነጭቶ፣ እንደ ይቅርታ ወጉ፣ እየለመነ ቆመ። የሹሙ ሾፌር ዋሪዮ የላንድሮቨሩን ቁልፍ ኪሱ ከትቶ ዛፍ ጥላ ሥር ተኛ። አቶ ገብረወልድ ከሰሜን የመጣ ሰው ነውና ምኑም አልገባው፤ በመስኮት «ሂዱ!» ይላል። ማን ይሂድለት? በጓሮ ልውጣ ቢል እዚያም ሦስት አሮጊት። ምሳው እንኳ ሳይገባለት ዋለ።

ጃንጥላዬን ይዤ ዳር ቆምኩ። ለማየት ብቻ ነው። ዲንኪቱ ግን «ወለተሐና መጣች!» ብላ ጎትታ መሃል አስቀመጠችኝ። ሁሉም ተራ በተራ ጉንጬን ሳሙኝ። ምነው መሬት በዋጠኝ!

ጥቅምት 25

ዛሬም ተቀመጥን። «ተቀመጥን» አልኩ እንዴ? ይሁን። ወገቤ አለቀ።

ጥቅምት 26

አቶ ገብረወልድ ከሳስቶ በረንዳው ላይ ወጣ። «እኔ ምን አደረግኩ? ያመለከተው ሕዝቡ ነው! ይኸው ማመልከቻው!» ብሎ የእኔን ወረቀት ዘረጋው። እሱ ያነባል፣ ጎሊቻ በኦሮምኛ ያስተረጉማል። «ጫጫታቸው... ጠረናቸው...» ጠረናቸው ብያለሁ እንዴ? ሴቶቹ ተያዩ። ስሜ ጋ ሊደርስ ነው። ከእሱ አፍ ሲሰሙትስ? ተነሣሁ።

«ይተዉት፣ አያንብቡት! የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማመልከቻዬን አንሥቻለሁ።»

ጎሊቻ ይህንንም አስተረጎመው። ምናለ ቢዘለው!

አቶ ገብረወልድ በደስታ ሊያቅፈኝ ምንም አልቀረው። «እማማ ካነሡትማ ገበያው ይመለስ!» አለ። ጎሊቻ ሣር አስያዘው፤ ሹሙም ሴቶቹን ለምኖ ወጣ። እልልታው ቀለጠ። ዲንኪቱ ግን ዘንጓን አንሥታ በአጠገቤ አለፈች። ዞራ እንኳ አላየችኝም። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፣ በስድሳ ሦስት ዓመቴ።

ኅዳር 2

ገበያው ተመልሷል። ዲንኪቱ ከእኔ አጥር ርቃ ትቀመጣለች። ከሌላዋ ገዛሁ። ውሃ ቀላቅላበታለች። ምን አፍ አለኝ?

ኅዳር 9

ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ዲንኪቱ! ሲንቄዋን ይዛለች። ልትመታኝ መስሎኝ ጓዳ ገባሁ።

«ነይ ውጪ፣ አልመታሽም» አለች። ሹሙ ደግሞ ከብት የሚጠጣበትን የውሃ ጉድጓድ በአጥር ሊዘጋው ነው አሉ። «እኛ መቀመጡን እንቀመጣለን። ሰውዬው ግን ወረቀት ይፈራል። በአንቺ ወረቀት አየሁት። እኛን ባስነሣሽበት እጅ አሁን ለእኛ ጻፊ።»

«ይቅር አልሽኝ?»

«መጀመሪያ ጻፊ።»

ጻፍኩ። እንዲህ ተጠንቅቄ ጽፌ አላውቅም። አነበብኩላት። ድገሚው አለች። ደገምኩ። አሁንም አለች። በሦስተኛው ወረቀቱን አጣጥፋ መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችና ተነሣች።

«ወዴት ነው?»

«መምህር በላይነህ ጋ። ያነበብሽው መጻፉን ይይልኝ።»

ትንሽ ከፋኝ። ግን እውነቷን ነው። እኔም ብሆን ራሴን አላምንም።