ስግብግቡ ሰውዬ እኔ ሆንኩ

ልጄ፣ እናትህ ተዋናይ ሆነች። ሰላምታ ሳላስቀድም ደስታዬ ቀደመኝ፤ ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርህ፣ እኛ ደህና ነን።

ከሕንፃችን ሥር ያለው ሜዳ ላይ በዚህ የዕረፍት ወቅት ለሰፈሩ ወጣቶች ቲያትር በነፃ ያስተምራሉ። ለትንሿ እህትህ የአንድ ስግብግብ ሰውዬ ሚና ደረሳት። ከዚያ ወዲያ ገበታ ላይ አፏን ከፍታ ማላመጥ፣ ማግሳት፣ ጥርሷን በጥፍሯ ጎርጉራ የወጣውን መልሳ መዋጥ ሆነ ሥራዋ። እህል አስጠላችኝ።

አሠልጣኙ ዘንድ ሄድኩና፣ «‹አፍሽን ገጥመሽ ብዪ› እያልኩ ያሳደግኳት ልጅ ይኸው እንዲህ ታደርጋለች» ብዬ አንድ በአንድ አሳየሁት። ራሴን ተጸየፍኩ፤ ልጆቹ ግን በሳቅ ፈረሱ። «እናቴ፣ እስቲ ይድገሙት» አለና ሚናውን ለእኔ ሰጠኝ።

እህትህ «እማዬ፣ ቀማሽኝ» ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ይቅርብኝ ልል ስል፣ ትናንት እራት ላይ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና «ግሳትሽ አጭር ነው፣ ከሆድሽ አውጪው» አለችኝ። እስክንጠግብ አገሳን፤ አባትህ ሳህኑን ይዞ ሸሸ።

ቲያትሩን ለማየት አክስቶችህ ሁሉ ይመጣሉ። አንተም እባክህ ፈቃድ ጠይቅና ና፤ የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት።