የሻረግን አልቀበርንም

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለስዩም ወርቁ፣ አሰብ።

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ፣ ሥራህስ፣ ያ የአሰብ ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከሁሉ በፊት ግን ይህን ልንገርህ፤ እህታችን የሻረግ አልሞተችም። ሹፌሩ ገበየሁ ትናንት ከወልድያ ሲመጣ የእናታችንን ለቅሶ ሰምቶ ማን ሞተ ቢል፣ አንዱ የሻረግ ናት ብሎት ወደ አንተ መንገዱን ቀጥሏል አሉ። መርዶ ነግሮህ ከሆነ እንባህን ጥረግ፣ ነገሩ ወዲህ ነው።

ያ ከቅንድቧ በላይ የነበረው እብጠት አንተ ከሄድክ ወዲህ ዓይኗን ወደ ውጭ ይገፋው ጀመር። አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ወስጃት ራጅ ቢያነሷት፣ ለካ አጥንት ኖሯል። ከቅንድብ ጀርባ አየር የሚገባበት ባዶ ቦታ አለ አሉ፣ እዚያ ውስጥ የበቀለ ትርፍ አጥንት። ክፉ በሽታ አይደለም፣ ካልወጣ ግን ዓይኗ ይጠፋል አለን ሐኪሙ። ግንባሯን ከፍተው በመሮ ፈልፍለው አወጡት።

የጎደለውን በምን ሞሉት ትላለህ? ከራሷ የጎድን አጥንት ቆርጠው፣ ያንን ጠርበው ቅንድብ ሠሩላት። ሐኪሙ ሲነግረኝ ወንበር አቀረቡልኝ። ዛሬም የጎኗን ጠባሳ ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ።

እናታችን የልጄ አጥንት ሜዳ እንዳይጣል ብላ አደራ ብላኝ ስለነበር፣ የወጣውን ለምኜ በብልቃጥ ይዤ መጣሁ። የዶሮ እንቁላል ያህላል። መምሬ አዳነም የክርስቲያን አጥንት ነው ብለው ፈቀዱና ትናንት ከአያታችን መቃብር አጠገብ ቀበርነው። እናታችን አፈሩ ሲመለስበት ብታይ ጊዜ ደረቷን እየደቃች እሪ አለች። ያን ሁሉ ዓመት በሆዷ ይዛው የኖረችው ጭንቀት ነው የወጣላት። የሰማ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ግር ብሎ መጣ። አክስታችን አስካለማ የሻረግዬ ሳላይሽ እያለች ስትሮጥ ተደናቀፈች፤ ደግፋ የያዘቻት ራሷ የሻረግ ናት። ቀና ብላ ብታያት እዚያው ተዝለፈለፈች፣ ውሃ ረጭተን ነው የመለስናት።

አባታችን በርታ ይሉሃል። እናታችን ድምጿ ተዘግቷል፣ በእጇ ምልክት ሳሚልኝ ብላኛለች። አክስታችን አስካለ ድንጋጤው ባይለቃትም ሰላም ብላሃለች። የሻረግ ደግሞ ደህናውን ዓይኗን በመዳፏ ከድና፣ በዚያ ይጠፋል በተባለው ዓይኗ ይህን ደብዳቤ እስከዚህ ድረስ አንብባዋለች።

እህትህ ሸዋዬ ወርቁ
መርሳ፣ ሐብሩ
ኅዳር 14 ቀን 1964 ዓ.ም.