አስፈራሩልኝ

ኅዳር 1፣ ሰኞ፣ ከሥራ መልስ

ደብተሬ፣ እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው የምጽፍልህ። ዛሬ በምሠራበት መጦሪያ ቤት አራት አዛውንት አጠብኩ፣ ሁለት አበላሁ፣ አንዷ ነከሰችኝ። ቢሆንም ደህና ቀን ነበር። ከአውቶቡስ እስክወርድ ድረስ።

ከሕንፃችን ሥር፣ ጫማ አዳሹ በነበረበት ሱቅ፣ መስኮቱ በነጭ ወረቀት ተሸፍኗል። ማስታወቂያ ተለጥፎበታል። መነጽሬን አደረግሁ። የካናቢስ መሸጫ ሊከፈት ነው፤ ፈቃድ ተጠይቋል፤ አስተያየት ያለው ነዋሪ ይጻፍ። ሐሺሽ! እዚሁ እኛ ሠፈር ክሬሰንት ታውን፣ ከአሳንሰራችን ሥር!

ሕጉ ከወጣ ዓመታት እንዳለፉ አውቃለሁ። ዳንፎርዝ መንገድ ላይ በየጥቂት እርምጃው አለ። ግን ያ የሰው ሠፈር ነው።

አንተን ሳልጀምርህ በፊት የሆነ ነገር ስለሆነ አታውቀውም። ልጄ ቢኒያም በዚሁ ነገር ነው የተቃጠለው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ጃኬቱ ኪስ ውስጥ አንዲት ትንሽ ላስቲክ። ፖሊስ እዚሁ ኮሪደር ላይ ያዘው፤ ሪከርድ ገባበት። ኤርፖርት ያገኘው ሥራ ቀረ። የአክስቱ ልጅ አሜሪካ ስታገባ ከድንበር መለሱት። ዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ከባድ መኪና ይነዳል፤ ጎማው ከካናዳ ውጪ አይዞርም።

ያቺኑ ላስቲክ አሁን በደረሰኝ ሊሸጧት ነው። ከነታክሷ! አላምንም። ውሃው በረደ።


ኅዳር 3፣ ረቡዕ

የዕድራችን ሊቀ መንበር አቶ ደሳለኝ ደወሉ። ሱቁን የሚቃወም ደብዳቤ ተረቋል፤ የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው እሑድ ስብሰባ አለ፤ የከተማው ሰዎችም ይመጣሉ። እንደ እናት ተነሥቼ እንድናገር ለመኑኝ። ከእርስዎ በላይ ማን ሊናገር፣ ቁስሉ ያለው እርስዎ ቤት ነው አሉኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። ነጠላዬን የትኛውን እንደምለብስ ሁሉ አሰብኩ።

ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ ግን፣ ያ ጆሮ ጠቢ የሠራብዎትን ግፍም ያንሡት አሉ።

እሺ አልኩ።

ጆሮ ጠቢ ያሉት ጋሽ መርሻን ነው። ከእኔ በር ሦስት በር አልፎ ይኖራል። ጡረታ የወጣ ታክሲ ነጂ፣ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል የመጣ። ወንድሙን የሠፈር ጆሮ ጠቢ ጠቁሞት ነው የገደሉበት። ለእንዲህ ያለ ሰው ከዚህ የከፋ ስም የለም። ልጄን ለፖሊስ ጠቆመ ተብሎ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ስም ሲጠራ ኖረ።

ሌላውን ዛሬ አልጽፍም።


ኅዳር 5፣ ዓርብ፣ ከቀኑ 11 ሰ.

ዛሬ ባሰ። ሥራ ቦታ አንዲት የሰማንያ ስምንት ዓመት አሮጊት አሉ። ለመገጣጠሚያ ሕመማቸው ነርሷ ጠዋት ጠዋት ከምላሳቸው ሥር ዘይት ትጨምርላቸዋለች። ወር ሙሉ ውሃ የማቀብለው እኔ ነኝ። ዛሬ ጠርሙሱን አነበብኩት። ያው እሱ ነው! ክው አልኩ። ነርሷ ሳቀችብኝ፤ ሐኪም ያዘዘው ነው፣ ተረጋጊ አለችኝ። ሴትዮዋ በሰላም ይተኛሉ፣ ማንንም አይነክሱም። የነከሰችኝ ሌላዋ ናት። እሷንም ቢሰጧት።

ይህን ለማን ልንገር እያልኩ ቤት ስገባ ቢኒያም ደወለ። ድምፁ ደስ ብሎታል። ለእሱ ዓይነት ሪከርድ መንግሥት በነፃ ይቅርታ ያደርጋል አሉ፤ ማመልከቻውን ሞልቷል። የሕግ ርዳታ የሚሰጡት ሰዎች የድሮውን የፖሊስ ፋይል አስወጣ ብለውታል።

«ሪኩዌስት አድርጌያለሁ እማ። በሚቀጥለው ሳምንት ይሰጡኛል። ማን ኮል እንዳደረገ ሁሉ አለበት። ሰውዬው ፊት ላይ ነው የማነብለት።»

ሰውዬው ጋሽ መርሻ ነው።

ስልኩን እንዴት እንደዘጋሁት አላውቅም። የጾም ምስሬ አረረ።

ደብተሬ፣ ለንስሐ አባቴ እንኳን ያልነገርኩትን ልንገርህ። የደወልኩት እኔ ነኝ።

እኔ። እናቱ።

ደሴ ልጅ ሳለሁ ታላቅ ወንድሜ ካርታ ቁማር ጀመረ። አባቴ የሠፈራችንን ሃምሳ አለቃ ጠርቶ እስቲ ይሄን ልጅ አስፈራራልኝ አለው። ሃምሳ አለቃው ጣቢያ ወሰደው፣ ቀበቶውን አስፈታው፣ ሁለት ሰዓት አግዳሚ ላይ አስቀምጦ ተቆጣው፣ ሻይ አጠጥቶ ለራት መለሰው። ወንድሜ ካርታ ዳግመኛ አልነካም። ፖሊስ ማለት ለእኔ ያ ነበር። ላስቲኳን ሳገኝ ሌላ ምንም አልታየኝም። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ መጥታችሁ ልጄን አስፈራሩልኝ ብዬ ለመንኩ።

መጡ፤ ሁለት ትሑት ወጣቶች። በር ተሳስተው መጀመሪያ የጋሽ መርሻን አንኳኩ። እሱ ከበሩ ወጥቶ እያናገራቸው ሳለ ቢኒያም ከአሳንሰሩ ወረደ። በዚያው ሳምንት ጋሽ መርሻ ስለ ሽታው ተቆጥቶት ነበር፤ አንድ ቀን ለፖሊስ ነው የምነግርህ ብሎት ነበር። ልጄ ያየውን አየ፤ አንዱን ከሌላው ጋር አገጣጠመ። እኔ በሬን ስከፍት ካቴናው ገብቶለታል። በቃ ደንግጧል፣ ይበቃዋል አልኩ። ማን ይስማኝ!

በማግስቱ ሲለቁት፣ እማ፣ ጋሽ መርሻ ነው ያስያዘኝ አለኝ። አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ።

ነገ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው።


ኅዳር 7፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ምድር ቤት ደብዳቤው ተነበበ። ጭቅጭቅ! ግማሹ የልጆቻችን አእምሮ ነው የሚሸጠው ይላል። የአንዲት እናት ልጅ ሲያጨስ ሲያጨስ ታሞ፣ ከሰው ጋር መነጋገር ካቆመ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሴትዮዋ ተነሥታ የልጇን ስም ብቻ ጠርታ ተቀመጠች። ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። አንዲት ነርስ ደግሞ፣ ሲከለከልም ያጨሱ ነበር፣ ልዩነቱ ያኔ የእኛ ልጆች ይታሰሩ ነበር አለች። ጉርምርምታ። አንድ ሽማግሌ፣ ጫትን ከልክሎ ይሄን የሚፈቅድ ሕግ ምን ዓይነት ሕግ ነው ብለው ሁሉንም አሳቁት።

እኔ አልሳቅሁም። ሕግ እንዲህ የሚገለበጥ ከሆነ በፊተኛው ሕግ የተቀጡት ምን ይሁኑ? በፊተኛው ሕግ ልጇን ያስቀጣችዋስ?

አቶ ደሳለኝ ወደ እኔ እየጠቆሙ፣ በሚቀጥለው እሑድ እትዬ አስካለ ይናገራሉ አሉ። አጨበጨቡልኝ። አጨበጨቡልኝ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።


ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

የምቃወመውን ነገር ልየው ብዬ ዳንፎርዝ ካለው አንዱ ገባሁ። ጨለማና ጭስ ጠብቄ ነበር። የወርቅ ቤት ነው የሚመስለው። በሩ ላይ ያለችው ልጅ መታወቂያ ጠየቀችኝ፤ የስልሳ ሦስት ዓመት ሴት! አሥራ ዘጠኝ እንደሞላኝ ለማረጋገጥ ነው። ሳቄ አመለጠኝ። ከፊቴ ከነምርኩዛቸው ሁለት አሮጊቶች፣ አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ። ልጅቷ፣ ማማ ምን ልርዳሽ አለችኝ። መስታወቱ ውስጥ ያቺ ላስቲክ አለች፤ ልክ ያቺው፣ መጠኗ ሳይቀር። ዋጋ ተጽፎባታል።

ወጥቼ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ አለቀስኩ። አንዲት ቻይናዊት መሃረብ ሰጠችኝ።

ቢኒያም ጽፏል። ፋይሉ ቅዳሜ እጁ ይገባል።


ኅዳር 12፣ ዓርብ፣ ሚካኤል

አገር ቤት ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ነው። በየደጁ ቆሻሻው ተሰብስቦ ይቃጠላል። የእኔ ግን ቤት ውስጥ ተከምሮ አለ።

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ዳቦ ይዤ ጋሽ መርሻ ጋ ሄድኩ። ሦስት በር። ሚስቱ እትዬ ዘውዴ የሞተች ጊዜ ከዕድሩ ለቅሶ የደረሰ ስድስት ሰው አይሞላም፤ እኔም ወጥ በሰው እጅ ነበር የላክሁት።

ከፈተ። አርጅቷል። ግቢ አለኝ፣ ትናንት የተለያየን ይመስል። የእትዬ ዘውዴ ነጠላ ጫማ አሁንም በሩ ሥር አለ።

ቁጭ ሳልል ተናገርኩ። ጋሽ መርሻ፣ የደወልኩት እኔ ነኝ፣ እርስዎ ላይ ሲላከክ ዝም አልኩ። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ምነው በጮኸብኝ!

«አውቃለሁ» አለ።

ምን? እንዴት? ፖሊሶቹ የእሱን በር ሲያንኳኩ፣ ስለ ልጇ የደወለችው እናት በር የትኛው ነው ብለው ነው የጠየቁት። የጠቆማቸው እሱ ራሱ ነው። ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ያውቅ ነበር።

ታዲያ ለምን? ለምን አልተናገሩም? ጆሮ ጠቢ ሲባሉ፣ ለቅሶ ሲቀሩብዎ?

«ልጅ ከእናቱ ከሚቆራረጥ ከጎረቤቱ ቢቆራረጥ ይሻላል ብዬ ነው» አለ። ዳቦውን ቆረሰ። ግማሹን ሰጠኝ። «ግን በሳምንቱ ትመጫለሽ ብዬ ነበር።»

እዚያው ወለሉ ላይ ወደቅሁ። እግሩን ልስም ስል አነሣኝ፤ ወገብሽን ትሰብሪያለሽ አለኝ። ኋላ ስለ ሱቁ ጠየቅሁት። ሽታውን እንደ ድሮው አይወደውም። ደብዳቤውን ግን አይፈርምም። ሱቅ በልጅ እጅ ላይ ካቴና አያስገባም አለ።


ኅዳር 13፣ ቅዳሜ፣ 10 ሰ.

ቢኒያም መጣ። ከነፖስታው። አልከፈተውም፤ አብረን እናንብብ አለ። ዓይኑ ያበራል። ጋሽ መርሻ ቤት ከመሄዱ በፊት መጀመሪያ ከእኔ ጋር ሊያየው ፈልጎ ነው።

ፖስታው ላይ እጄን ጫንኩበት። ወረቀት ቀድሞኝ እንዲነግረው አልፈለግሁም። ሁሉንም ነገርኩት፣ ሃምሳ አለቃውን ሳይቀር። ላስፈራራህ ነበር፣ ለራት ይመልሱሃል ብዬ ነበር አልኩት።

ከአፉ እንግሊዝኛ ብቻ ነው የወጣው። ኖ። ኖ፣ እማ። ኖ። ከዚያ በአማርኛ አንድ ጥያቄ ብቻ፤ ጋሽ መርሻ ያውቃል?

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልኩት።

ተነሣ። ጫማውን እንኳ ሳያስር ወጣ። የአሳንሰሩን ድምፅ ጠበቅሁ። አልተሰማም። በሩን ገርበብ አድርጌ አየሁ። ሦስት በር አልፎ፣ የጋሽ መርሻ በር ፊት ቆሟል። ግንባሩን በሩ ላይ አድርጎ። አላንኳኳም፤ ብዙ ቆመ። ከዚያ በሩ ከውስጥ ተከፈተ።

ከገባ አሁን ሁለት ሰዓት አልፎታል። መኪናው ከታች አለ። ፖስታው ጠረጴዛዬ ላይ አለ። እኔን አልተሰናበተኝም።


ኅዳር 14፣ እሑድ፣ ስብሰባው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው

ሌሊት አልደወለም። ጠዋት አልደወለም። ስብሰባው ስንት ሰዓት ነው የሚል አጭር መልእክት አሁን ገባ። እማ የለበትም። አንድም «እማ» የለበትም። ሰዓቱን ጻፍኩለት። ሌላ ምን ልጻፍ።

ያዘጋጀሁትን ንግግር ቀደድኩት። ሱቁ ይከፈት አይከፈት ዛሬ እኔን አይጠይቁኝ፤ ያቺ የታመመ ልጅ እናትም እውነት አላት፣ ነርሷም እውነት አላት። እኔ የምናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። አቶ ደሳለኝ ስሜን ሲጠሩ እነሣለሁ፣ በዚህ አዳራሽ ጆሮ ጠቢ ያላችሁት ሰው አይደለም፣ እኔ ነኝ እላለሁ። ለቅሶ የቀራችሁበትን ሰው ሄዳችሁ አስተዛዝኑት እላለሁ። ከዕድሩ ቢያስወጡኝም ያስወጡኝ።

በሩ ተንኳኳ። በቀዳዳው አየሁ። ጋሽ መርሻ ነው፤ ከረባት አስሯል፤ አሥራ ሁለት ዓመት ያልረገጠው ስብሰባ ሊሄድ ነው። ከኋላው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ የሽማግሌውን ካፖርት የያዘ ቢኒያም ቆሟል።