ማዳም ዝም ብላ ገባች

ለአብዲ፣ ለኔው ሰው፣

እንዴት ነህ አልልህም። ካለህበት ደህና መሆንህን አምናለሁ፣ ሌላውን አላህ ያውቃል። ከተለየኸኝ ይኸው ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። ቤቱ እንዳለ ነው። የኒሟ ዛፍ ጣሪያው ላይ ስትንጋደድ ቅርንጫፏን አስቆረጥኩ፣ ጎረቤታችን ሐሊማ አያት ሆነች፣ ሙቀቱም እንደምታውቀው ነው። ልጃችን ሃያት ከኔ ጋ ናት፤ መንጃ ፈቃድ አወጣች። ይህን ሁሉ የምዘበዝብልህ ወደ ዋናው ነገር ላለመግባት ነው። ዋናው ነገር ማዳም ናት።

አዎ፣ ማዳም። ያቺ ከኔ በፊት ያገባሃት አሮጌ ፔጆ ታክሲህ። ስሟ ሲወጣ እኔ አልነበርኩም። ኖሬ ቢሆን እሷ ማዳም፣ እኔ ፋጡማ ብቻ እንዳንሆን እከራከር ነበር።

ሴት እንዴት በመኪና ትቀናለች እያለ ሰው ይስቅብኝ ነበር። እነሱ ምን ያውቃሉ። ለመስኮታችን መጋረጃ ሳይኖረን ለሷ ከፀሐይ መከለያ ሸራ የገዛህላት አንተ ነህ። ጁምዓ ጠዋት አንተ ሳትታጠብ እሷ ትታጠባለች፤ ለመወልወያም ገና ያላረጀ ካናቴራህን ትቀድ ነበር። ጀልዴሳ ለሰርግ ስንሄድ መንገድ ላይ ቆማብን እኔ ፀሐይ ላይ ስቃጠል፣ አንተ ኮፈኑን ከፍተህ «አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ ትንሽ ነው የቀረን» ስትላት ሰምቻለሁ። እኔን ሃያትን ስወልድ እንኳ አብሽሪ አላልከኝም። እርግጥ ያኔ ሆስፒታሉ በር ላይ ስትጠብቅ ነበር። ከማን ጋ ሆነህ እንደጠበቅክ ግን አንተው ታውቃለህ።

ድምፅዋ ደግሞ። ከሞተሯ ውስጥ ጠክ ጠክ የሚል ነገር ነበራት፤ ከደቻቱ ድልድይ ማዶ ጀምሮ ይሰማኛል። አመሻሽ ላይ የመግሪብ ሶላት ሲቃረብ ያቺን ጠክ ጠክ ስሰማ መጀመሪያ ደሜ ይፈላል። ቀጥሎ እነሳለሁ። ፊቴን እታጠባለሁ፣ ሻሼን አስተካክላለሁ፣ እራቱን አሞቃለሁ፣ ወደ ሰፈራችን ስትታጠፍ በሩን ከፍቼ ቆሜያለሁ። ባለመኪናው ሁሉ በየበሩ ክላክስ ሲያስጮህ አንተ አንድ ቀን አስጩኸህ አታውቅም። ጆሮዬን በላችው፣ አስጠግናት ስልህ ትስቃለህ። እኔን ድምፅሽን ቀንሺ የምትል ሰው የሷን ጩኸት እንደ ዘፈን ታደምጣለህ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነበር።

ስትሄድ እኔ የባል ሐዘኔን፣ ዒዳዬን፣ ቤት ውስጥ ስቀመጥ፣ እሷም ግቢው ውስጥ ተቀመጠች። ለቅሶ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያያት እሷን ነው። እጁን ኮፈኗ ላይ አድርጎ «ምስኪን» የሚል ሰው በመስኮት አይቻለሁ። ለሷ ነው እንጂ ለኔ አይደለም። አልዋሽህም፣ ልሸጣት የወሰንኩት ያን ቀን ነው። ሃያት አለቀሰች፣ እኔ ግን ጨክኜ ነበር። በኋላ አንድ የመልካ ጀብዱ ሰው መጣ፤ አሮጌ መኪና አሳምሮ ለሙሽራ የሚያከራይ። ገና ሲያያት ወደዳት። ሞተሯ ይስተካከልና እወስዳታለሁ አለ። በስተመጨረሻ ጣውንቴን ልድራት ነው ብዬ ለሐሊማ ነገርኳት፣ ሁለታችንም ሳቅን።

ጀማል ጋራዥ ተጎትታ ሄደች። መቼም ካንተ ሌላ ማዳምን የነካ እሱ ብቻ ነው። እኔም ተከትዬ ሄድኩ፤ ስንት ዓመት የቀናሁባትን ሆዷን ከፍተው ሲያሳዩኝ ለማየት ነው። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ጀማል ራዲያተሩን አወረደ፣ የሞተሩን ክዳንና ፊት ፈታ፣ ብዙ ከለፋ በኋላም ከውስጥ ረጅም ጥቁር ዘንግ ስቦ አወጣ። ካምሻፍት ይባላል አለኝ፤ ቫልቮቹን በየተራ የሚከፍትና የሚዘጋ። ዘንጉ ላይ እንቁላል የሚመስሉ ጉብታዎች አሉ፣ አንደኛው ተበልቶ ጫፉ ጠፍጣፋ ሆኗል። «ስታንኳኳ የኖረችው ይቺ ናት» አለ። ደስ አለኝ። ለካ የሷም ውስጥ ያረጃል።

ከዚያ ከመደርደሪያው ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ አዲስ ካምሻፍት አወረደ። ጨርቁን ሳይ ከጎማው ተነሳሁ። ሰማያዊዋ ሻሼ ናት አብዲ፤ ያቺ ስትጠፋ በታክሲ ለምታመላልሳት ለከዚራዋ ሴት ደንበኛህ ሰጥተሃታል ብዬ ሳምንት ሙሉ ያኮረፍኩህ። ግሪስ ጠጥታ ጠቁራለች።

አብዲ ነው ያመጣው አለኝ ጀማል፣ ከጅቡቲ አስመጥቶ፤ እዚህ ከተቀመጠ ስንት ዓመቱ ነው። ታዲያ ለምን አልገጠምክለትም አልኩት።

«አቦ ፋጡማ፣ ስንቴ ለመንኩት ወላሂ። ሞተሯን ትጨርሳታለህ አልኩት። ድምፅዋን ካጠፋህብኝ ፋጡማ መምጣቴን በምን ታውቃለች፣ እንደ እንግዳ ክላክስ እየነፋሁ በሬ ላይ ልቁም? ይለኛል።»

ተመልሼ ጎማው ላይ ተቀመጥኩ። ለኔ ብለህ ማዳምህን ስትጎዳት ኖረሃል፣ እኔ ደግሞ በሷ ስቃጠል። ምን ነበረበት ለኔ ብትነግረኝ? ለጀማል ትነግራለህ፣ ለሚስትህ ትስቃለህ። ይኸው አሁን ደግሞ በጀማል ቀናሁ። ስለኔና ስላንተ የሆነን ነገር ከኔ ቀድሞ ስንት ዓመት ያወቀ ሰው ነው። ሻይ ሲያመጣልኝ ፊቱን ማየት አቃተኝ።

አዲሱ ተገጠመ። ሞተሩ ሲነሳ ጀማል ጆሮውን ጣል አድርጎ ፈገግ አለ። ጠክ ጠክ የሚባል የለም፣ ማዳም ዝም አለች። የጮህኩት እኔ ነኝ። አሮጌውን መልሰህ ግጠምልኝ አልኩት፤ ሠራተኞቹ ሥራቸውን አቁመው አዩኝ። ጀማል ቀስ ብሎ አስረዳኝ፤ እሱ ከተመለሰ ሞተሩ ብዙ አይቆይም። ምርጫዬ ያ ነበር፣ ወይ ድምፅዋ ወይ እሷ። ሁለቱም እንዲጠፉልኝ ስመኝ የኖርኩ ሴትዮ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆሜ አለቀስኩ።

የመልካ ጀብዱውን ሰውዬ ይቅርታ ጠይቄ መለስኩት። ማዳም ቤቷ ገብታለች። ሃያት ትነዳታለች፣ እንዳንተው ጁምዓ ጁምዓ ታጥባታለች። ሲመጡ አልሰማቸውም፤ በሩ ላይ ክላክስ ሲነፋ ወጥቼ እከፍታለሁ። አሮጌውን ካምሻፍት በዚያችው ሻሼ ጠቅልዬ ባንተ በኩል ከአልጋው ራስጌ አድርጌዋለሁ። ሻሼን አላጠብኳትም። መግሪብ ሲቃረብ ግን ዛሬም ተነስቼ ፊቴን እታጠባለሁ፣ ጆሮዬም ወደ ድልድዩ ይሄዳል። እስካለሁ ድረስ ይህን አልተውም፣ ረሳችኝ ብለህ እንዳታስብ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። እኔ ወዳንተ ስመጣ ጠክ ጠክ የሚል ነገር የለኝም፤ መምጣቴን በምን እንደምታውቅ እንጃ። ስለዚህ በሩን ከፍተህ ውጭ ቆመህ ጠብቀኝ። ብቻህን ግን። ሌላ ማዳም አጠገብህ ቆማ ካገኘሁ፣ ወላሂ ተመልሼ እሄዳለሁ።

ፋጡማህ